ሾርባውን ከእንግዲህ አትላክ

ዶንግጋንግ፣ በጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ ከሙሉ ጨረቃ ማግስት

ለልጄ ለአቼንግ፣ ናጎያ

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጥኩና፣ ከሁለታችን ማን ነው ማንን እንደምን ከረምክ ማለት ያለበት ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም አባት ነኝና ልጠይቅህ፤ እንደምን ከረምክ? እዚያ ብርዱ ጀምሯል አሉ። ወፍራም ካልሲ አድርግ።

እኔ ድኛለሁ። ሐኪሞቹ እንደዚያ ብለውኛል። በስልክ "አባዬ እንዴት ነህ?" ስትለኝ "ደህና" እላለሁ፤ አንተም "እሺ" ብለህ ትዘጋለህ። በስልክ ያላልኩትን በጽሑፍ ልንገርህ።

ኩላሊቴን አውጥተው ለእህትህ የሰጧት ቀን፣ ስነቃ መጀመሪያ ያመመኝ ጎኔ አይደለም፤ ትከሻዬ ነው። ሲሠሩኝ ሆዴን በአየር ነፍተውት ነበርና፣ የቀረው አየር ሕመሙን ትከሻ ላይ ያወጣዋል አሉኝ። ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ሆዴ ላይ ጨምቄ እይዛለሁ፤ ያም ሆኖ ጎኔ ለሁለት የሚተረተር ይመስለኛል። ነርሷ በየጠዋቱ እየመጣች ዝቅ ባለ ድምፅ "አባባ፣ አየር ወጣልዎት?" ትለኛለች። እኔ አፍሬ ፊቴን በአንሶላ ስሸፍን አክስትህ መይጁ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ፣ "ፈሳህ ወይ ነው የምትልህ፣ አንተ ሰውዬ! ካልፈሳህ ምግብ የለም!" ብላ ጮኸች። የአጎራባቹ አልጋ ሰውዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ከሕመሙ ብዛት አለቀስኩ።

ሩይዩን ደግሞ ብዙም ሳትቆይ በእግሯ መጣች። የግሉኮሱን ዘንግ እየገፋች፣ ጉንጯ እንደ ልጅነቷ ቀልቶ። ከደም ማጣሪያው ማሽን ስትመለስ የምታውቀው ያ አመድ የመሰለ ፊቷ የለም። "አባዬ፣ ሸናሁ! ራሴ ሸናሁ!" አለችኝ። ስንት ዓመት ጠብታ ያላየች ልጅ እኮ ናት። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እጇን ያዝኩ። ሰጪው ከተቀባዩ በላይ ይታመማል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። እሷ ታማ ገብታ ድና ወጣች፤ እኔ በጤናዬ ገብቼ በሽተኛ ሆኜ ወጣሁ። በዚህ አልተቆጨሁም። ይህን እንድታምነኝ እፈልጋለሁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ምሬቱ የጀመረው። ሆዴ በሰፊ መቀነት ታስሮ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ እንዳላነሳ ተከልክዬ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ ራሱ ሥራ ሆነብኝ። ዕድሜ ልኬን በበረዶ ፋብሪካው የበረዶ ብሎክ ስጎትት የኖርኩ ሰውዬ፣ ሸሚዝ ለብሼ ሲደክመኝ ቁጭ እል ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ፣ በኋላም እስከ ወደቡ መሄድ ቻልኩ። የፋብሪካው ሰዎች ሲያዩኝ "ጂንፋ፣ ግማሽ ሰው ሆነህ መጣህ?" እያሉ ቀለዱብኝ። እኔም "ግማሹ ይበቃችኋል" አልኳቸው። ጠባሳው ዙሪያ ያለው ቆዳዬ አሁንም ይደነዝዛል፤ ስነካው የሌላ ሰው ገላ ይመስለኛል።

እዚያ ሆነህ የምታዝልኝ ሾርባ በየቀኑ ይደርሰኛል። ባለ ሾርባዋ ራሷ በሞተር ብስክሌቷ ታመጣዋለች፤ በሩ ላይ ሆና ጎረቤት እስኪወጣ ታወራለች። "ለተቀደደ ሥጋ እንደ ዓሣ ሾርባ ያለ መድኃኒት የለም! ልጅህ ጃፓን ሆኖ እንኳ አልረሳህም። ይህን የመሰለ ልጅ የት ይገኛል?" ትላለች። "የትም" እላታለሁ።

አቼንግ፣ እናትህ ከሞተች ጀምሮ ነፍስ ያለው ነገር አልበላም። ለእሷ ብዬ ስእለት ስሳል አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ዕጣኑን የለኮስክልኝ አንተ ነህ። መይጁ ሳህኑን አፌ ድረስ አምጥታ፣ "ከሆድህ ሥጋ አስቆርጠህ ሰጥተህ፣ አሁን ዓሣ ነውር ሆነብህ? እህቴ ብትኖር በማንኪያው ራስህን ትልህ ነበር!" አለችኝ። እኔም እንቢ፣ እሷም እንቢ። በመጨረሻ ራሷ ጠጣችው። ዛሬም ድረስ እየጠጣች ነው፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ቀሚሷ ጠቧታል። የምትልከው መድኃኒት ጤነኛ ሴት እያወፈረ እንደሆነ እወቀው።

ተቆጥቼ አይደለም። ዋሸሁ፣ ተቆጥቻለሁ። አሁን ስለዚያ ክፍል ልጻፍልህ።

ለምርመራ የሄድኩ ጊዜ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሩይዩንን ውጭ እንድትቆይ ነግራ በሩን ዘጋች። አንተም ታውቃታለህ፣ ቀስ ብላ የምትናገረዋ ልጅ። "አባባ፣ ከልብዎ ነው? ያስገደደዎት ሰው አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ወንበሯን አስጠግታ እንዲህ አለችኝ፤ "ከፈሩ ነውር የለውም። ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ። እኛ ለቤተሰቡ 'አልገጠመም' እንላለን፣ ከዚያ በላይ ማንም ምንም አያውቅም። ይህን የምለው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ሊሰጥ ለመጣ ሁሉ ነው።"

ሊሰጥ ለመጣ ሁሉ፣ አለች።

ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጥከው አንተ ነህ። ከክፍሉ ወጥተህ ኮሪደሩ ላይ "አባዬ፣ አልገጠመም አሉኝ" ያልከኝን አስታውሳለሁ። ጀርባህን መታ መታ አድርጌ "ያንተ ጥፋት አይደለም" አልኩህ። በጣም አለቀስክ። በነጋታው ተሳፈርክ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ በዝቶብሃል። መይጁ አንድ ቀን "የአቼንግና የሩይዩን ደም እኮ አንድ ዓይነት ነው" ብላ ስትጀምር፣ "ሐኪም ነሽ? ደም አንድ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ይገጥማል?" ብዬ ጮኽኩባት፤ ቀሪውም ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ብጮኽባትም ግን በሳልኩ ቁጥር፣ ጎኔን በያዝኩ ቁጥር፣ ያልጨረሰችውን እኔ እጨርሰው ነበር። ከተሠራሁ ወዲህ ያለው ይህ ሁለት ወር እንዴት እንዳለፈ አሁን ገባህ?

ግን ይህንንም ስማ። ልጅቷ ያን ስትለኝ፣ በሩን አየሁት። ከበሩ ማዶ ልጄ ተቀምጣለች፤ እኔ ግን ወደቡን፣ ጠዋት ጠዋት የምጠጣውን ሻይ፣ ሙሉ ሰው ሆኜ መሞቴን አሰብኩ። "አልገጠመም" የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው። ለምን እንዳልወጣ ዛሬም አላውቅም። ጽድቅ ነው እንዳልል፣ ፍርሃቴን በደንብ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ያ ክፍል ሰውን ምን እንደሚያደርገው እኔን ማንም አያስረዳኝም።

ትናንት ሙሉ ጨረቃ ስለነበረች ወደ ምሕረት እመቤቷ ወደ ጓንዪን ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ከተሠራሁ ወዲህ ቆሜ ነበር የምጸልየው። ትናንት ግን ተንበረከክሁ፣ ማንም ሳይደግፈኝም ተነሣሁ። ደስ ብሎኝ ሁለቱን ዕጣ መጣያ የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች አነሣሁ። አንዱ በጀርባው አንዱ በሆዱ ከወደቀ እመቤቲቱ "አዎን" ትላለች፤ አንተም ለፈተና ስትቀመጥ ስንቴ ጥለሃቸዋል። ልጠይቃት የሄድኩት አንድ ነገር ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ የነገርከኝ እውነት እንደሆነ። እጄ ላይ ሞቁ። "አዎን" ካለች፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ስበድልህ ኖሬያለሁ። "አይደለም" ካለች ደግሞ በየትኛው ዓይኔ አይሃለሁ? አንድ አሮጊት ከኋላዬ "ይጣሉት እንጂ አያ፣ እኛም ጥያቄ አለን!" አለችኝ።

ጥያቄዬን ቀየርኩት። "ለእናቱ ሙት ዓመት ይመጣል?" ብዬ ጣልኩ።

ምን እንዳለች አልነግርህም። ሩይዩን ግን "ወንድሜ ለምን አይደውልልኝም? እኔ ምን አደረግሁት?" እያለች ታስጨንቀኛለች። አንተ መጥተህ መልስላት። እኔ አንተን የምጠይቅህ የለኝም፤ ዛሬም፣ ስትመጣም፣ ስሞትም። ይህን የምጽፈው ልቤ ስለበረደ አይደለም፤ አልበረደም። ልቤ እስኪበርድ ከጠበቅሁ ግን ሙት ዓመቱ ያልፋል።

ሾርባውን አትላክ። ለባለ ሾርባዋ እኔ ራሴ ነግሬያታለሁ። እኔ ቁስሌ ገጥሟል፣ ሐኪሙም ክሩን አውጥቶልኛል። ስትመጣ መይጁ ትሠራዋለች፤ አጠገቤ ተቀምጠህ አንተ ትጠጣዋለህ።

እመቤታችን ጓንዪን መንገድህን ታቅናልህ፤ እናትህም ባለችበት ሆና ትይህ። ካልሲውን አትርሳ።

አባትህ
ጂንፋ