አባዬና የአሮጌዋ መኪና ዲናሞ

ለታላቅ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ እኛ ደህና ነን።

አባዬ ሰሞኑን ጉድ አሰኘን። የጥርስ ሐኪሙ አሮጌ መኪናውን ጋራዣችን አመጣ። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞዋ ተቃጥሎ፣ በሞዴሏ የገዛው ሁሉ አልገጥም ብሎታል። አባዬ ሞተሩን አስነስቶ ካቻቢቴ አስደገፈበትና እጀታውን ነከሰ፤ ድሮ ጆሮው ላይ ነበር የሚያደርገው። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ የሷ ሞተር አይደለም፤ የፒክአፕ ነው» አለ አባዬ። የሞተሩ ቁጥር ሲታይ እውነቱን ነው። የፒክአፕ ዲናሞ ስናመጣ ልክክ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ሐኪሙ ከደስታው ብዛት ክላክሱን ሲያስጮኸው ሁላችንም ዘለልን። አባዬ ሞተሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዞር እንኳ ሳይል እጁን ይጠርጋል።

ከእንግዲህ ስልክ ለኔ ደውል። ለአባዬ ግን ጻፍለት፤ ደብዳቤ ይሻለኛል ብሏል። ልክ እንደምታወራው አድርገህ ጻፍለት።

በደህና ያገናኘን።
እህትህ