ደህናው ጆሮዬ

ጥቅምት 8
ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ወገቤ! ግራ ጆሮዬ ዛሬም መግል አፈሰሰ... ጥጥ ወትፌበት ገባሁ። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ካደረገ ወዲህ ድምፁ የለም፤ የቀረው ሹክሹክታ ነው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ጩኸት ወደ ኋላ የሚያስጠጋው ሹፌር! በቀኜ ካልተቀመጠ አልሰማውም።
"እሜቴ፣ እኔ ድምፄን ጨረስኩ፣ አንቺ ደግሞ ጆሮሽን... ምን ዓይነት ቤት ነው?"
ሳቅን። "ታከሚ በቃ" አለኝ።

ጥቅምት 21
የጆሮ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን ረጋ ያለች። መግሉ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን አጥንት እየበላው ነው አለች። ካልተጠረገ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። አጥንቱን በመሰርሰሪያ ነው የሚጠርጉት። "መስማትዎን ሊነካው ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን..." ፈረምኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

ኅዳር 3
ነቃሁ። ጭንቅላቴ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሰውዬው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ የሚሰማኝ ፉጨት ብቻ... ማደንዘዣው ይሆናል።

ኅዳር 15
ፋሻው ተነሳ። ፉጨቱ አልተነሳም። ልጄ ስታወራ ድምጿ ይመጣል፣ ቃሉ ግን ተቆራርጦ ነው። "ሰላም" ትበል "ቀላል" አልለየውም። የሱ ደግሞ ጭራሽ። በቀኜ ተቀመጠ። ተጠጋ። ትንፋሹ ጆሮዬን አሞቀው። ሙቀት ብቻ።

ኅዳር 22
ጆሮዬ ምን ያህል እንደሚሰማ ለኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ መስመሩ ደህና ይመጣና መጨረሻው ላይ ገደል ይገባል። የሁለቱም።
"የኔ ልጅ፣ የነካችሁት ግራውን ነው። ቀኙ ምን አጠፋ?"
"የመሰርሰሪያው ጩኸትና ንዝረት በራስ ቅል አጥንት በኩል ወደ ሌላውም ውስጠኛ ጆሮ ይሻገራል፣ እማማ። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የእርስዎ አልተመለሰም።" ቀጫጭን ድምፅ ነው የጠፋው አለች። ወፍራሙ አለ።
"ሹክሹክታስ?"
ወረቀቱን አጣጠፈች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር... በሽታው ጠፍቷል እኮ። ማንን ልቆጣ?

ታኅሣሥ 2
መስሚያ ገጠሙልኝ። የስፌት ማሽኑን ጩኸት አባሰው እንጂ የሱን ትንፋሽ ቃል አላደረገልኝም።

ታኅሣሥ 10
የሰውዬው የጉሮሮ ካንሰር ተመለሰበት። አሁን ሳንባው ላይ ነው። ሰሞኑን ይጽፍልኝ ነበር። "ውሃ።" "ትራሱን ከፍ።" "ዛሬ አምሮብሻል።" አሁን እጁ እስክሪብቶ አይዝም። ልጃችን እየሰማች ትነግረኛለች። በልጅ አፍ ምን ይወራል? ከንፈሩ በደንብ እንዲታየኝ ጢሙን ላጨሁለት። እንደ ሙሽራ ሆነ።

ታኅሣሥ 19
ልጄ መድኃኒት ልታመጣ ወጣች። እጄን ሳበኝ። ጎንበስ አልኩ። ጆሮዬን ልስጠው ወይስ ከንፈሩን ልይ? ሁለቱም ባንዴ አይሆንም። ጆሮዬን ሰጠሁት፣ ከልማድ። ረዘም ያለ ነገር ነው የተናገረው። መሃል ላይ ቆም አለ፣ የሳቀ መሰለኝ... ከዚያ ቀጠለ።
ቀና ስል እያየኝ ነው። መልስ ይጠብቃል። ድገምልኝ እንዳልለው ትንፋሹ አልቋል።
"እሺ" አልኩት።
ፊቱ ዘና አለ። ልጄ ስትመለስ ሄዷል።

ጥር 6
ምን ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት?

የካቲት 2
ሥራ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። የመጣ ሰው ሁሉ "በመጨረሻ ምን አለሽ?" ይላል። "ልጄን አደራ አለኝ" እላለሁ። ያምራል፣ ሰውም ይወደዋል። ዛሬ ግን እሷ ራሷ፣ ልብስ እያጠፍን፣ "አባዬ ስለ እኔ እንዴት ብሎ ነው አደራ ያለሽ? ቃሉን ንገሪኝ" አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኳት።
"አልሰማሁትም፣ ልጄ። ምንም አልሰማሁትም።"
የያዘችውን ሸሚዝ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም። የሷ ለቅሶ ወፍራም ስለሆነ ይሰማል።
ቆይታ ወንበሯን ወደ ፊቴ አዞረች፣ መስኮቱ ብርሃኑን ፊቷ ላይ እንዲጥል። ቀስ ብላ፣ እራት ምን ልሥራ አለችኝ።
ከንፈሯን አይቼ ገብቶኛል።
"አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ" አልኳት።
ደገመችልኝ።