ማይኩ አልተበላሸም

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ከሥራ ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን። የድምፅ ሚክሰሩን አቧራ አራገፍኩ፣ ገመዶቹን ፈተሽኩ። እሁድ የአጥቢያችን ሃምሳኛ ዓመት ነው። የመዘምራን መሪው ኤልናታን፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ እንቅልፍ አጥቷል።
«አባባ ዳልኬ የድሮ መዝሙራቸውን ልዘምር ብለዋል። ውስጡ ያ ቃል አለ።»
«የቱ?»
«ወላሞ።» ድምፁን ቀንሶ ነው ያለው።
ድሮ እኛን ወላይታዎችን በመንግሥት ወረቀት ሳይቀር እንዲህ ነበር የሚጽፉን። ዛሬ ስድብ ነው። እኔም ስሰማው ደሜ ይፈላል። «እዛ ጋ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጊው» አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ችግር አለው?

ኅዳር 7፣ እሁድ
ዘጋሁባቸው። ዝቅ ማድረግ እንኳ አይደለም... ቃሉን ሊሉ ሲሉ ደነገጥኩና ጭራሽ ዘጋሁት። የአባባ ዳልኬ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ማይኩን መታ መታ አደረጉት። ወጣቶቹ ሳቁ። በሁለት እጃቸው መልሰው አስቀምጠውት ወረዱ።
እንግዶቹ ምንም አልሰሙም። ኤልናታን ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ደስ ያለኝ መሰለኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ
እማዬ ልብስ እየዘፈዘፈች ያንኑ መዝሙር ታንጎራጉራለች። «ሰው ሁሉ ወላሞ ብሎ ናቀኝ፣ አንተ ግን ልጄ ብለህ ጠራኸኝ።»
«እማ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚቀጥለው?»
«ታዲያስ! ያኔ ገበያ ስንወጣ እንደዚያ ነበር የሚሉን። መዝሙሩ ስንቱን አስለቅሷል መሰለሽ። ማይኩን ግን ትናንት ምን ነካው?»
እንጃ አልኳት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ የተሰደቡት እሳቸው ናቸው። የተሰደበውን ሰው ነው አፉን የያዝኩት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ
ይቅርታ ልጠይቅ ቡሹሎ፣ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አባባ ዳልኬ ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ። አፌን ሳልከፍት...
«ኤልናታን ነግሮኛል፣ ማይኩ ተበላሽቶ ነው አለኝ። አይዞሽ ልጄ፣ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል።»
 ጎመን ቀጥፈው ሰጡኝ፣ እውነቱን ሳልናገር ተቀብዬ ተመለስኩ። ፈሪ። እማዬ ጎመኑን ስትከትፍ ማየት አቃተኝ። እራት አልበላሁም።

ኅዳር 14፣ እሁድ
ከአምልኮ በፊት አባባ ዳልኬ ሚክሰሩ ጋ መጡ። «ዛሬስ ይሠራል?»
«አባባ... ማይኩ አልተበላሸም ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት። በቃሉ አፍሬ።»
 «እኔም አፍርበት ነበር» አሉ። «ያንን እፍረት እኮ ነው የምዘምረው።»
መድረክ ሲወጡ ድምፁን እስከ ላይ ከፈትኩት። «ሰው ሁሉ...» ብለው ወደ እኔ አዩ። ቃሉን ዘለሉት። «...ብሎ ናቀኝ፣ አንተ ግን ልጄ ብለህ ጠራኸኝ።» ሰው እልል አለ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ። አሁን እኮ ማንም አልዘጋባቸውም... ራሳቸው ዘጉት። ማን አስተማራቸው?
ገመድ በመዘርጋት የምታግዘኝ ሩታ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ጠጋ ብላ «ሰው ምን ብሎ ነው የናቃቸው?» አለችኝ።
ፊቴ እየነደደ ነገርኳት። ድምፄን አልቀነስኩም።