ዜሮዎቹ አይነሱም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት ነው? መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አስቸገረኝ ያሉት ዓይንዎስ ተሻለው? እማዬስ ደህና ናት? ቤቱስ እንዴት ከረመ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከአለቃዬ በቀር ያመመኝ ነገር የለም።

በስልክ "ልጄ፣ ነገሩን በሆድሽ ያዢው፤ ሥራሽን እንዳታጪ" ብለውኛል። ምክርዎን ሰምቻለሁ፤ ግን አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ልንገርዎ።

እንደሚያውቁት መሥሪያ ቤታችን ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች መጻሕፍትን በድምፅ ይቀርጻል። የምታነበው "ራዲዮ" የምንላት ትልቅ ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ የየክፍሉን ቅጂ በተራ ቁጥር የሚሰይመውን ፕሮግራም እጽፋለሁ። አድማጮቻችን የሚይዙት ማጫወቻ በፋይል ስም ላይ ያለን ቁጥር እንደኛ አይቆጥርም፤ ከግራ ጀምሮ አንዱን ምልክት ከሌላው እያስተያየ ነው የሚደረድረው። ስለዚህ 10 በ1 ስለሚጀምር ከ2 ይቀድማል። እኔም 001፣ 002፣ 010 እያልኩ ፊታቸው ላይ ዜሮ አደርግላቸዋለሁ፤ ሁሉም እኩል ባለ ሦስት አሃዝ ሲሆኑ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

አለቃችን ግን "ፊት ላይ ያለ ዜሮ ምን ይሠራል? ለዓይንም ያስቀይማል" ብሎ እኔ ፈቃድ በወጣሁበት ሳምንት አስነቀላቸው። መጽሐፉም እንዲያው ተሠራጨ። ክፍል አሥር ላይ የተቀበረው ሰውዬ፣ ክፍል ሁለት ላይ ሲያገባ ተሰማ! አንድ አድማጭ ደውለው "ሙሽራውን ከመቃብር ነው የምታመጡት?" ሲሉ ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አለቃችን ጥፋቱን በራዲዮ ላይ አላከከ። "አርጅታለች፤ ገጽ እያዘበራረቀች ነው ያነበበችው፤ ትሰናበት" አለ። እሷን፣ አንድ ቃል ከተሳሳተች አንቀጹን ከመጀመሪያው እንደገና የምታነበውን ሴትዮ! ዜሮዎቹን መልሼ መጽሐፉን ፊቱ አጫወትኩለት፤ ሰውየው በሥርዓት አግብቶ በሥርዓት ሞተ። ያም ሆኖ "አንቺ ምን አገባሽ? ዝም ካላልሽ አብረሻት ትወጫለሽ" አለኝ። ራዲዮ እጄን ይዛ "ተይው ልጄ፣ የኔ ነገር አብቅቷል" ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

ደሜ ፈላ አባባ። እንዴት አያገባኝም? ያ ደንበኛ ራሱ ያስቆረጠውን ሱሪ "አጠረ" ብሎ እማዬ ላይ ሲጮኽ፣ ሜትሩን አንገትዎ ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩን ከፍተው አላስወጡትም? ታዲያ እኔ ዝምታን ከማን ልማር?

ነገ ጠዋት ስለ ራዲዮ ስብሰባ አለ። ዜሮዎቹን ማን እንዳስነቀላቸው በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ግን እናገራለሁ። ፕሮግራሙንም ያለ ዜሮ አልሠራም፤ ካሻው ሌላ ሰው ይፈልግ።

እማዬን አቅፈው ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን "ስልክሽን አንሺ እንጂ!" ይበሉልኝ። ያን ለፍላፊ ወንድሜንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ዝም በል ግን አይበሉት።

ሥራዬን ካጣሁ አይዘኑብኝ። ከስፌት መኪናዎ አጠገብ ያለችውን በርጩማ ብቻ ያጽዱልኝ፤ ቁልፍ መትከል አልረሳሁም።

ልጅዎ

ከቀረጻው ክፍል ደጃፍ፣ የካቲት 07 ቀን