ሰው ስለሌለበት ሮኬትና ወደ ሥሩ ስለተላከው ባሌ

ለጨረቃ ጉዞ ማስወንጨፊያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ለተከበሩ አቶ ሜሪክ ስቶዳርድ

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ እንደምን ሰነበቱ? ከማስወንጨፊያው ርቆ በተሠራ፣ ግድግዳው በወፈረ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለሚያዝዙ ጤናዎ እንደማይጓደል አምናለሁ፤ እንዳይጓደልም እመኛለሁ። እኔ ከማስወንጨፊያው ወንዝ ተሻግሮ ባለችው ታይተስቪል ከተማ የምኖር ማርቫ ሆልኮም ነኝ። ባለቤቴ ድዌይን በመሥሪያ ቤትዎ የነዳጅ መስመር ቴክኒሺያን ነው።

ባለፈው ኅዳር ያ ግዙፍ ሮኬት ሰው ሳይጭን ለሙከራ ጨረቃን ዞሮ ስለተመለሰ እንኳን ደስ ያለዎት። ደስታዎን ላለማደፍረስ ብዙ ታግሼ ነበር፤ ሆኖም የሚከተለውን በትሕትና ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ በቴሌቪዥን ቀርበው «በሮኬቱም ሆነ በአካባቢው አንድም ሰው የለም» በማለት አገሩን ስላረጋጉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይህን በሚናገሩበት ሰዓት ሮኬቱ በነዳጅ ጢም ብሎ፣ ከሥሩ፣ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን በሚያፈስ የነዳጅ መዝጊያ ቫልቭ አጠገብ ድዌይንና ሁለት ባልደረቦቹ በመፍቻ ብሎን ያጠብቁ ነበር። ጎረቤቴ ሼሪል «አንቺ ደግሞ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ሰው የለበትም እያሉ እኮ ነው!» ስትለኝ፣ «የኔው ሰውዬ ታዲያ ምንድን ነው፣ ጥላ ነው?» አልኳት። ይህንኑ ጥያቄ ለእርስዎ አቀርባለሁ፤ የተማሩ ስለሆኑ መልስ አያጡም።

ሁለተኛ፣ በሮኬቱ አናት ላይ በሰው ምትክ በክብር ስለተቀመጠው አሻንጉሊት ነው። ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ «ሻምበል ሮቪ» የሚል ስም አወጣለት፤ ልብስ ተሰፋለት፤ በቀበቶ ታሰረ፤ ምን ያህል ጨረር እንደነካውም በመሣሪያ ተለካ። የባሌ ስም በመግለጫችሁ ላይ «መጠነኛ ማስተካከያ» ተብሎ ተጽፏል። እናቱ ያወጣችለት ግን ድዌይን ብላ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደሚያውቁት ሮኬት በተነሣ ቁጥር ከአለቃ እስከ ዘበኛ ሁሉም በአንድነት ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ይበላል። እነድዌይን ልብሳቸውን ቀይረው፣ ስለ ቫልቩ የአለቆችን ጥያቄ መልሰው ሲደርሱ ድስቱ ተሟጧል። ሰው የለም ከተባለ ለማን ይቀመጣል? ቤት ሲመጣ እንቁላል ጠበስኩለት፤ ሳይቀምሰው ገፋ አደረገው። «ማርቫ፣ ያ ነገር እኮ ከላይሽ ሆኖ ያቃስታል፤ ልክ እንደታመመ ከብት» አለኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲያ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። እኔም ፈርቻለሁ፤ በእርስዎም እጅግ ተቆጥቻለሁ።

አሁን ደግሞ በሚመጣው ወር ሁለተኛ ሙከራ አለ። ቫልቩ እንዳልተቀየረ ሰምቻለሁ፤ ባለፈው በመፍቻ ስለተሳካ፣ ሰው ልኮ ማጥበቁ እንደ መደበኛ አሠራር ጸድቋል አሉ። አንድ ጊዜ ከእሳት የተረፈን ሰው እሳቱ ወዶት ነው ብሎ ማሰብ ከእርስዎ ዕውቀት በታች ይመስለኝ ነበር። ጌታዬ፣ ቫልቩን ይቀይሩት። ካልሆነም ማንም ከመጠጋቱ በፊት ነዳጁን ያስወጡት፤ ጨረቃ እንደሆነች የትም አትሄድም።

ድምፅዎን ከቴሌቪዥን በጉጉት የምትጠብቅ፣ ትዕግሥቷ ያለቀ አክባሪዎ፣
ማርቫ ሆልኮም

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልዘጋው ከመሥሪያ ቤትዎ አንዲት ጨዋ ሴት ደውላ ነበር። ለቀጣዩ በረራ የድዌይንን ፋይል እያደሰች ኖሮ፣ «ምናልባት አንድ ነገር ቢደርስ ለማን እንንገር?» ብላ የእኔን ስልክ ቁጥር መዘገበች። እዚያ ሰው መኖሩንማ ታውቁት ኖሯል።