ከአጥር ማዶ የሚመጣ ዘፈን

ይርጋዬ፣ የኔ ጌታ፤

ክረምቱ ሲገባ ጥለኸኝ ሄድህ፤ አሁን ጥር እየወጣ ነው። ደረቴን ጫን አለኝ ባልህ በማግስቱ ነበር፤ ሳላስታምምህ፣ ሳንሰነባበት። እንዴት ከረምህ እንዳልልህ አትመልስልኝም። እኔስ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር፣ ደህና ባልሆንም። በሕይወት እያለህ ወሬዬን እስከ መጨረሻ ሰምተህልኝ አታውቅም፤ መሀል ላይ ትነሣና ወይ ጫማህን ትፈልጋለህ፣ ወይ በጉን አይቼ ልምጣ ትላለህ። አሁን ግን የትም አትሄድብኝምና እስክጨርስ ስማኝ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ወፍጮ ቤቱን ልጃችን ጌትነት ይዞታል። እንዳንተው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ሆኖ ይገባል፤ ጆሮውም እንዳንተው መደንቆር ጀምሯል መሰለኝ፣ ደጋግሜ ካልጠራሁት አይሰማኝም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምናከራያት የጓሮ ክፍል ውስጥ ከደብረ ታቦር የመጣች ልጅ ገብታለች። ሸጋ ልጅ ናት። ዘፈን ትወዳለች፤ የምትሰማው ግን በኢርፎን ነው። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ በአንገቷ ስትወዛወዝ አየኋትና ሳቅሁ፤ እሷ ግን የሰረቀች ይመስል ደንግጣ ከጆሮዋ አወጣችው። "ይቅርታ እማማ" አለችኝ። ምን እንዳጠፋች እኔ እንጃ።

የኔን ሬድዮ ከቀብርህ እንደ ተመለስን እህትህ እቴ ውባለም በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣቻት። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ በዚህ ቤት ዘፈን አይሰማም ብላ ተናግራ ወደ ኮላ ድባ ተመለሰች። አልተቃወምኋትም። ደንቡም ይኸው ነው፤ እኔም ብሆን የዘፈን ሆድ አልነበረኝም። ጎረቤቱም እንደዚያው ሆነ። ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጥሩወርቅ ቴፗን ዘጋች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለው፣ እኔ በበሩ ሳልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ሰፈሩ ሁሉ ላንተ ሲል ዝም አለ። የሰው ፍቅር እንዲህ ነው ብዬ አመሰገንሁ።

አንተ ግን ይህን ብታይ ምን ትል እንደ ነበር አውቃለሁ። ትናደድ ነበር። ዕድሜህን ሙሉ የኖርኸው በሰው ዘፈን ነው እኮ።

ቀኑን ሙሉ ወፍጮው ጆሮህ ላይ ሲፈጭ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ስትገባ ቤት ውስጥ የሚዘፍን ነገር አትወድም ነበር። አጠገብ ሲሆን ያው ሁለተኛ ወፍጮ ነው ትላለህ። ታጥበህ፣ ልብስህን ቀይረህ፣ በርጩማህን ይዘህ ከጌሾው ሥር አጥሩን ተደግፈህ ትቀመጣለህ። ከዚያ የጥሩወርቅ ቴፕ በቆርቆሮው አጥር ላይ አልፎ ሲመጣ፣ ግጥሙ ግማሹ እየጠፋ፣ ከበሮው ብቻ እየቀደመ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ። "ይሄ ነው ዘፈን" ትላለህ። ያልተሰማህን ግጥም አንተው ትሞላዋለህ፤ የምትሞላው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝባዝንኬ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑን ማኅሌት እንኳ ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር ሆነህ ነበር የምትሰማው። ይሄንንስ ቀርበህ ስማ ብዬ ብቆጣህ፣ እግዜር ለራቀም ይሰማል፣ እኔም ርቄ ልስማለት አልኸኝ። ለአፍህ መቼ ልክ ነበረው።

እኔ ደግሞ ካልቀረበኝ አይጥመኝም። ሬድዮዋን ከሳፋው ጎን አስቀምጬ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ሆኖ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ካልከፈትኋት ልብሱ የታጠበ አይመስለኝም። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን። "እስቲ እዚያ ጥሩወርቅ ቤት ወስደሽ ክፈቻት፣ ያኔ እሰማልሻለሁ" ትለኝ ነበር። አንድ እሑድ እልህ ይዞኝ እውነትም ይዣት ሄድሁ። የጥሩወርቅ ቴፕ ተበላሽቶ የነበረ ጊዜ ነው። መስኮቷ ላይ አስቀምጬ ስከፍታት ጥሩወርቅ ምን ነካሽ አለችኝ፤ ይርጋ ዘፈን አማረው አልኋት። ስመለስ አንተ በርጩማህ ላይ ተደላድለህ፣ ያችኑ የገዛ ቤትህን ሬድዮ እየሰማህ ራስህን ትነቀንቃለህ። "ጥሩወርቅ ዛሬ ሸጋ ሸጋውን መርጣለች" አልኸኝ፣ ዓይንህን ሳትገልጥ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሬድዮዬ ጥሩወርቅ ቤት ትውል ጀመር። የጥሩወርቅ ልጅ ሰናይት ያኔ ትንሽ ነበረች፤ መስኮቱ ሥር ስትጨፍር አንተ በቆርቆሮው ሽንቁር እያየህ ታጨበጭብላት ነበር።

ወደ ኮላ ድባ ዘመድ ልንጠይቅ ስንወርድም፣ ከሹፌሩ ቴፕ ለመራቅ ብለህ መጨረሻ ወንበር ካላገኘህ ሚኒባስ አትሳፈርም ነበር። መንገዱ ዝቅ ዝቅ ብሎ ሜዳው ሲገለጥ፣ አዝመራው ሲታይ፣ ሹፌሩም አንዲት ሆድ የምታባባ ዜማ ከከፈተ፣ በቃ እኔ አጠገብህ የለሁም። ልብ ብዬ ነበር፤ የሚያሳዝን ዘፈን የምትወደው ደስ ሲልህ ነው። ከፍቶህ በዋልህ ቀን ግን የጥሩወርቅን ቴፕ እንኳ ሸሽተህ ወደ ቤት ትገባለህ። ምነው ብዬ ብጠይቅህ፣ "ለማዘንም እኮ ጤና ይፈልጋል" አልኸኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ካንተ በኋላ ነው የገባኝ። ዘንድሮ ጥምቀት ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ ወጥቼ ተሳለምሁ፤ ከኋላ እየጨፈሩ የሚመጡት ወጣቶች ሳይደርሱ ግን በሬን ዘግቼ ገባሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሰናይት አገባች። ሠርጉ ለጥቅምት ታስቦ ነበር፤ በኛ ኀዘን ምክንያት ወደ ጥር ተገፋ። ጥሩወርቅ ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። እንደ ደንቡ መጥታ ፍቀጅልኝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዳትመጣ እጸልይ ነበር። ከጠየቀችኝ እምቢ አልላትም፤ እሺ ካልሁ ደግሞ ዘፈን በዚያ አጥር ላይ ሊያልፍ ነው። አልፎ መጥቶ ከጌሾው ሥር ሰው ካጣ፣ ያኔ በእርግጥ ሞተሃል ማለት ነው። ዝምታው እያለ ግን ወፍጮ ቤት ያመሸህ ያህል ነበር የሚሰማኝ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ኋላ ጌትነት ነገረኝ፤ ጥሩወርቅ አንቺን እንዳትረብሽ ብላ ድግሱን አዘዞ ዘመዷ ቤት ልታዞረው ነው አለኝ። መጀመሪያ እፎይ አልሁ። በማግስቱ ሰናይት በበራችን ስታልፍ አየኋት፤ አንገቷን ደፍታለች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳለች። ሙሽራ ልትሆን ጥቂት ቀን የቀራት ልጅ፣ እኔን ፈርታ ለቀስተኛ መስላለች። እፍረት ወረረኝ። ተነሥቼ ጥሩወርቅ ቤት ገባሁና "ምነው ጥሩወርቅ፣ የይርጋን አጥር ሠርግ ልትነሽው ነው?" አልኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፤ ሁለታችንም በሽንኩርቱ አሳበብን።

እቴ ውባለም ሰምታ ደወለችልኝ። "ምነው ዘነቡ፣ ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ?" አለች። አልፈረድሁባትም፤ ወንድሟ ነህ። "እቴ፣ ሬድዮዋ እንደ ጠቀለልሻት ናት፤ ዓመቱ እስኪወጣ አልነካትም። ከሰው ቤት የሚመጣን ዘፈን ግን ይርጋን አልከለክለውም" አልኋት። እንዳሻሽ ብላ ዘጋችው።

ለድግሱ ስንሠራ እኔም ከሴቶቹ ጋር ዋልሁ። ጠላ ሲጠምቁ ማንጎራጎር ይጀምሩና እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ምነው ዋጣችሁት እያልሁ እቆጣቸዋለሁ፤ መልሰው ይጀምራሉ፤ ስወጣ ነው የሚጎላ። ለነሱ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ እንጂ ውስጤ ፈሪ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ከአጥራችን ተጠግቶ ተጣለ። ኋላ እመጣለሁ ብዬ ቤት ቀረሁ። ከቀትር በኋላ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲቃኝ ስሰማ በርጩማህን አወጣሁና አንተ ቦታ ተቀመጥሁ። እንደምታደርገው ዓይኔን ጨፈንሁ። ይርጋዬ፣ እንዴት ነበር የምትችለው? ዘፈኑ መጣ፣ ከበሮው መጣ፣ ሰው ሳቀ፤ ሁሉም ከኔ ወዲያ ነበር። ግጥሙ የጠፋበትን ቦታ የምሞላበት ነገር አጣሁ። ጥቂት ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተ እዚያ ብቻህን ተቀምጠህ አታውቅም። እኔ አጠገብህ ልብስ እያጠብሁ፣ እህል እየለቀምሁ እለፈልፍ ነበር፤ አንተም "አንቺ፣ እስቲ አንዴ ዝም በይ፣ ልስማበት" ትለኝ ነበር። አሁን ዝም በይ የሚለኝ የለም። አልቻልሁም፤ ተነሣሁ።

ፊቴን ታጥቤ፣ በጥቁሩ ቀሚሴ ላይ ነጭ ነጠላ ደርቤ ዳሱ ገባሁ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ዘፈኑ ተቋረጠ። ማን እንደ ሆንሁ ለአዝማሪው ተነግሮት ኖሯል፤ ወደኔ ዞሮ ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ስለ ጎደለ ሰው ማንጎራጎር ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሙሽራዋም አንገቷን ደፋች። "ልጄ፣ የኔን ለኔ ተወው፤ ለሙሽራዋ ዝፈን" አልሁት። ከዚያም አንድ እልልታ ለቀቅሁ። ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ድምፄም ሻክሮ ነበር። ዳሱ በእልልታ ተቀበለኝ።

ልነግርህ የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አዝማሪው ወደ ሙሽራዋ ዞረ፣ ከበሮው ተነሣ፣ ሰናይት ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ጥሩወርቅ ያን ሁሉ ውፍረቷን ይዛ መሀል ገባች። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እጄ እስኪግል አጨበጨብሁ። እና ይርጋ፣ ረሳሁህ። መሞትህን ማለቴ አይደለም፤ አንተን ራስህን ረሳሁህ። ባል የነበረኝም፣ ባል የሞተብኝም ሴት አልነበርሁም፤ ሠርግ የመጣሁ ሴት ብቻ ነበርሁ። አንድ ዘፈን ሙሉ እንደዚያ ሆንሁ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ላቤን ጠረግሁና፣ ይርጋ ይህን ከወዲያ ሰምቶት ይሆን ብዬ ወደ አጥሩ ዞርሁ። ቆርቆሮውን እያየሁ ከጌሾው ሥር ማንም እንደሌለ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ የሆንሁትን በቀብርህም ቀን አልሆንሁም። በቀብርህ ቀን ሰው ደግፎኝ ነበር፤ እዚያ ግን ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፣ የኔም ፊት ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ፈርቼ ሰነበትሁ። ዛሬ ለአንድ ዘፈን ያህል የረሳሁህ፣ እያደር ጭራሹን ብረሳህስ? ለጌትነት አይነገር። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ኀጢአት አይደለም ይሉኛል፤ እኔ የምጠይቀው ደግሞ እሱን አይደለም። ሲጨንቀኝ ለራስህ ልጻፍልህ አልሁ።

ሰው ለሟቹ አንድም ቀን አልረሳህም ብሎ ይምላል። እኔ የማልጠብቀውን መሐላ አልምልልህም። ዘፈን መስማቴ አይቀርም፤ ያውም እንደ ልማዴ ቀርቤ ነው የምሰማው። እየሰማሁም እረሳሃለሁ፣ አንድ ዘፈን ያህል። ሲያልቅ ደግሞ ትመጣብኛለህ፤ እንደ አዲስ አለቅስልሃለሁ። ቃል የምገባልህ ይህን ነው። የማያልቅ ዘፈን ደግሞ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ያንተው ዘነቡ