መቶ የተባለው ኩንታል

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

የሰኔን ዓምድ ሞላሁ። ሩዝ መፈልፈያችን የበጀት ዓመቱን ዘጋ ማለት ነው። የዋጋ ልዩነት አረንጓዴ፣ ትርፍ። የአጠቃቀም ልዩነት ቀይ፣ ጉድለት። እንደ ግንቦት፣ እንደ ሚያዝያ። የኤክሴል ሺቱ ራሱ ነው የሚያቀልመው፤ ያ. እንዲህ አድርጎ ሠርቶት ሄደ። «ይሆናል» ያልነው በአንድ ዓምድ፣ የሆነው በሌላ ዓምድ፣ ከጎን ልዩነቱ። የእኔ ሥራ ቁጥር ማስገባት ብቻ።

ያ.ን ላንተ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፣ ማስታወሻዬ፤ ስንቴ ጽፌብሃለሁ። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የነበረ፣ ኤክሴል ያስተማረኝ፣ በጥቅምት ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ የገባ ሰው። ትመጫለሽ ወይ ሲለኝ ሂሳብ ልዝጋና ያልኩት። ይኸው ዘጋሁ። እሱም መጠየቅ ካቆመ ቆየ። ናፈቀኝ። ስታንዳርዱ፣ «ይሆናል» ያልነው ቁጥር ላይ ማውሱን ሳሳርፍ እሱ የተወው መልእክት ብቅ ይላል፦ «ተጣርቶ የተሞላ፣ አትንኪ»። ነክቼው አላውቅም። አንዳንዴ ለማንበብ ብቻ አሳርፍበታለሁ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ፣ 8፡00

ስብሰባ ነበር። ሥ/አስኪያጁ ሺቱን አሳትሞ መጣ። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 65 ኪሎ ነጭ ሩዝ መውጣት አለበት ይላል ስታንዳርዱ። የሚወጣው 52 ነው። አሥራ ሦስቱን ማን በላው? የግዥ ሠራተኛው ተመሰገነ፣ በርካሽ ገዝቷል ተብሎ። አያ ሞላ ተወቀሱ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ናቸዋ፤ ከተተከለ ጀምሮ ከአጠገቡ ያልጠፉ ሰው። ሰኞ ሪፖርቱ ሲፈረም የስንብት ደብዳቤያቸውም አብሮ ይፈረማል ተባለ።

በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ጫማዬ ጭቃ ነው ብለው አልገቡም። «ልጄ፣ እኔ የገባልኝን ነው የፈለፈልሁ። ሌላ አላውቅም» አሉኝ። የሚከስዎ ቁጥሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አልኳቸው። ይኸ መልስ ነው? አፈርኩ። ግን ያ. ይሳሳታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው የወደደ ቁጥሩንም ይወዳል መሰለኝ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ፣ 4፡30

አንድ ነገር አየሁ። አረንጓዴውና ቀዩ እኩል ናቸው። በየወሩ። የግዥው ትርፍና የአያ ሞላ ጉድለት ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፣ ሳንቲም ሲቀር። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ አንዱ ያተረፈውን ሌላው ልክ በልኩ ያጠፋል? አይመስለኝም። የሁለቱ እናት አንድ ናት።

መጋዘን ወረድኩ። ዝናብ። የመጋዘን ሠራተኛዋን እታለምን፣ መዝገብሽ ላይ ኩንታል ብለሽ የምትጽፊው ምኑን ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ይኸን ነዋ ብላ የተሰፋውን ጆንያ በእግሯ ነካ አደረገችው። እዚሁ አጠገባችን የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ናት፤ በእነሱ አገር የሞላ ጆንያ ሁሉ ኩንታል ነው፣ ውስጡ ምንም ይሁን ምን። ጤፍ ቢሆን መቶ ኪሎ ይመዝናል። ሩዝ ከነቅርፊቱ ግን ቀላል ነው። የምንገዛውም ጆንያ ቆጥረን እንጂ መዝነን አይደለም። ሚዛን ላይ አወጣን። 81። 79። 80። 80። ስታንዳርዱ መቶ ይላል።

ከሰማንያ ኪሎ 52 ሲወጣ ከመቶ 65 ነው። ቁጭ። አያ ሞላ አንዲት ፍሬ አላጠፉም። የግዥ ሠራተኛውም በርካሽ አልገዛ፤ ያነሰ ሩዝ ነው የገዛው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከረምን።

እዚያው ቀን፣ 9፡00

ግን ያ. ለምን አልመዘነም? የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ኩንታል ሲሉት መቶ ኪሎ ቢመስለው አይፈረድበትም። ግን ጠንቃቃ ነበር። ስታንዳርዱን ከመሙላቱ በፊት የጆንያ መመዘኛ ቀን እንኳ ቆርጦ ነበር። ቅዳሜ። መዝጋቢዋ እኔ።

ወይኔ።

ያን ቅዳሜ ወንዛዬ ሄድን። እኔ ነኝ ያልኩት። ጆንያው የት ይሄድብሃል፣ ፍል ውኃ እንግባ፣ አልኩት። ተጣጥበን፣ በቆሎ በልተን፣ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ጣለው። እስኪነቃ እጄን አላንቀሳቀስኩም። ሰኞ፣ ስንት ልበለው ብሎ ጠየቀኝ። መቶ በለው አልኩት። የዚሁ የወረታ ልጅ ሆኜ፣ ማወቅ ሲገባኝ። እሱም እኔን አምኖ ጻፈው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፣ 5፡00

ደወልኩለት። ዘጠኝ ወር ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዲት ቃል አልወጣችልኝም። ስለ ጆንያ አወራሁ። ከዚያ «ስህተቱን በእኔ ስም አድርጊው» አለ። «የሄደ ሰው ምን ይሆናል፣ አንቺ ግን እዚያ ነሽ።» የናፈቀኝ ይኸው ደግነቱ ነው። ያን ቅዳሜ ታስታውሳለህ አልኩት። ሌላ ምን አስታውሳለሁ አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነው፤ እማዬ ዶሮው ቀዘቀዘ እያለች ትጣራለች። ፊቴን ታጥቤ ገባሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ያ. ያለኝ ነገር ቀላል ነው። አያ ሞላ ይድናሉ፣ እኔም እድናለሁ። ሐዋሳ ድረስ ሄዶ የሚቀጣው የለም። ቀኑን ሙሉ ይኸንኑ ሳሰላስል ዋልኩ። ግን መቶ ያልኩት እኔ። አያ ሞላንም በር ላይ አቁሜ ቁጥሩ ነው ያልኩት እኔ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ሥ/አስኪያጁ 2፡30 ይገባል። መቶውን አጥፍቼ ሰማንያ ጻፍኩ። አሥራ ሁለቱም ወር በአንዴ ነጣ። ቀይ የለ፣ አረንጓዴ የለ።

ከታች «የልዩነቱ ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ። ጻፍኩ፦ ጆንያው ሳይመዘን መቶ ኪሎ ተብሎ ተሞላ፤ መቶ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ከነአባቴ አስቀመጥኩ። የያ.ን አላነሳሁም። ሥ/አስኪያጁ ሊያባርረኝ ይችላል። ያባርር። ለምን አልተመዘነም ካለኝ ወንዛዬ ሄጄ ነው እላለሁ። ትጸጸቻለሽ ካለኝ፣ ስለ አያ ሞላ አዎ፣ በጣም። ስለዚያ ቅዳሜ ግን አልዋሽም። ዛሬም ቢሆን ያ.ን እንሂድ እለው ነበር።

መኪናው ግቢ ገባ። ያተምኩትን ወረቀት ይዤ ልወጣ ነው።